በትዕዛዝ ያሠራሁት ጊታር ደረሰኝ፤ ጥሩ መሆኑን በምን ልወቅ?

ናቲ_ቨርጂኒያ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። ያዘዝኩት ጊታር መጣ። ሰሪው እዚሁ አሜሪካ ብቻውን የሚሠራ ባለሙያ ነው። ስሙን እዚህ አላነሳም፤ ያለኝ ነገር እውነተኛ ቅሬታ ይሁን የእኔ ጭንቀት ገና አልለየልኝም። ወረፋው ረጅም ነበር። ዋጋውም ከ5,000 ዶላር አልፏል። ባለቤቴ ይህን እንደማታነብ ተስፋ አደርጋለሁ።

ያዘዝኩት እንዲህ ነው። ገላው አነስ ያለ፣ 000 የሚባለው መጠን። ፊቱ የአውሮፓ ስፕሩስ፣ ጎንና ጀርባው የህንድ ሮዝውድ የሚባል እንጨት። የነቱ (ክሮቹ አንገቱ ጫፍ ላይ የሚያርፉበት ቁራጭ) ስፋት 45 ሚሊ ሜትር፤ በጣት ስለምደረድር ክሮቹ ራቅ ራቅ ብለው እንዲቀመጡልኝ ነው። ለሰሪው የነገርኩት ደግሞ፣ የምጫወተው ትዝታ፣ ባቲና አምባሰል ስለሆነ ክራርን የሚያስታውስ፣ እያንዳንዱ ድምፅ ለብቻው ጥርት ብሎ የሚሰማ ጊታር እንደምፈልግ ነው። የክራር ቅጂም ልኬለት አዳምጧል።

ሥራው ዓይን ይማርካል። ግን የጓደኛዬ የፋብሪካ ድሬድኖት (ገላው ትልቅ የሆነ ጊታር) አጠገቡ ሲመታ የእኔን ድምፅ ይውጠዋል። ሦስተኛው ክር ደግሞ ክፍቱን (ፍሬት ላይ ሳይጫኑት) ሲመታ፣ ማለትም ሶል፣ ጮክ ብሎ ይጀምርና ቶሎ ይሞታል። ሌሎቹ ይቆያሉ። ትዝታ ሜጀር ስጫወት ሦስተኛዋ ድምፅ ትንሽ ከፍ ያለች ትመስለኛለች፤ ቲውነሩ (መቃኛ መሣሪያው) ግን ልክ ነው ይላል። ይባስ ብሎ ስልኬን በቀዳዳው አስገብቼ ፎቶ ሳነሳ አንድ ብሬስ (ፊቱን ከውስጥ የሚደግፍ እንጨት) ሥር የደረቀ የሙጫ ጠብታ አየሁ።

ይህን ያህል ከፍዬ ሙጫ ማየት አለብኝ? ጊታር ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚባለው በምንድን ነው?

ምን_ቸገረኝ

እንኳን ደስ ያለህ። አትቀየመኝና በዚያ ብር ደህና ደህና የፋብሪካ ጊታር ሁለት ትገዛ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የእንግሊዙ ላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ጥናት አለ። ስድስት ጊታር አሠሩ። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ የተለየው የጎንና የጀርባ እንጨት ብቻ ነው። ከብራዚል ሮዝውድ ጀምሮ ማሆጋኒ፣ ሜፕል፣ ሳፔሌ ሁሉ አለበት። ከዚያ 52 ጊታሪስቶች የበያጅ መነጽር እያደረጉ ተጫወቱባቸው። ዓይናቸው ሲጋረድ ለውዱም ለርካሹም የሰጡት ነጥብ ተቀራራቢ ሆነ። እንግዲህ ለሮዝውዱ የከፈልከው ለዓይንህ ነው ማለት ነው። ዓይንህ ከተደሰተ ደግሞ ምን ቸገረኝ።

የባቲ_ልጅ

ፎቶ! ፎቶ! ፎቶ ሳይለጠፍ ስለ ጊታር ማውራት ነውር ነው።

ሄለን_ስቶክሆልም

@ምን_ቸገረኝ ጥናቱን በትክክል ነው የጠቀስከው። መደምደሚያህ ግን ከጥናቱ አልፎ ሄደ። ስድስቱንም የሠራው አንድ ባለሙያ ነው። ፊታቸውም የስድስቱም አንድ ዓይነት ስፕሩስ ነው። ስለዚህ የተፈተነው የጀርባው እንጨት እንጂ የሰሪው እጅ አይደለም። እንዲያውም እኔ የማነበው በተቃራኒው ነው። ያው ሰው በስድስት ዓይነት እንጨት ተቀራራቢ ድምፅ ካወጣ፣ ድምፁ ያለው ሰውየው ጋ ነው።

ይህ ነገር አዲስም አይደለም። የስፔኑ አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ፣ የዛሬው ክላሲካል ጊታር መልኩን የያዘው በእሱ እጅ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1862 ጎንና ጀርባው ከወረቀት የተሠራ ጊታር ሠርቷል። አዎ፣ ወረቀት። ፊቱን ብቻ ጥሩ ስፕሩስ አደረገው። ድምፅ የሚሰጠው ፊቱና ከፊቱ ሥር ያሉት ደጋፊ እንጨቶች መሆናቸውን ለማሳየት ነው። ጊታሩ አሁንም ባርሴሎና በሙዚቃ ሙዚየም ይገኛል።

ናቲዬ፣ ስለ ድምፅ ማነሱ አንድ ነገር ልበልህ። ጊታር ወደ ፊት ነው የሚናገረው፣ አንተ ግን ከኋላው ነህ። ሌላ ሰው እንዲጫወተው አድርግና ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ ቁም። ከዚያ የጓደኛህንም እንዲሁ አዳምጥ። ድሬድኖት ትልቅ ሳጥን ነው። ለመግረፍና ዘፋኝ ለማጀብ የተሠራ ነው። ባሱ ቅርብ ላለ ሰው ይከብዳል። 000 ከዚያ ጋር በጩኸት አይወዳደርም፤ አንተም ያዘዝከው ጩኸት አይደለም። ከሩቅ ስትሰማው እያንዳንዱ ክር ተለይቶ ከደረሰህ ያዘዝከው ደርሶሃል።

እንጨትና_ኮላ

ናቲ ወንድሜ፣ እኔ አዲስ አበባ ጊታር እጠግናለሁ። የፋብሪካውም በእጅ የተሠራውም ይመጣልኛል። የምፈትሽበትን ቅደም ተከተል ልንገርህ። ድምፁን ለጊዜው ተወው፣ መጀመሪያ ዕቃውን እንይ። ሰው ከድምፁ ከጀመረ ወይ ይወደውና እንከኑን አያይም፣ ወይ ይጠላውና የሌለ እንከን ያገኛል።

በደንብ ቃኘው። ስድስተኛውን፣ ወፍራሙን ክር አንደኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) እና አሥራ አራተኛው ፍሬት ላይ በአንድ ጊዜ ተጫን። መሐል ላይ፣ ስድስተኛውና ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ፣ በክሩና በፍሬቱ መካከል ቀጭን ወረቀት የምታሳልፍ ክፍተት ልትኖር ይገባል። ከ0.1 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ገደማ። ጭራሽ ከሌለች ክሩ ይንጫረራል። በጣም ከሰፋች አንገቱ ጎብጧል። ሁለቱም በትረስ ሮድ (አንገቱ ውስጥ ባለው ማስተካከያ ብረት) ስለሚስተካከሉ አያስደነግጡም። ቀጥሎ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ የክሩን ከፍታ ለካ። ወፍራሙ 2.4፣ ቀጭኑ 1.8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከሆነ ደህና ነው።

አሁን ዋናው። ረጅምና ቀጥ ያለ ማስመሪያ ፍሬቶቹ ላይ አጋድመህ ጫፉን ወደ ብሪጁ (ክሮቹ ፊቱ ላይ የሚታሰሩበት እንጨት) አምጣው። ጫፉ የብሪጁን የላይኛውን ጠርዝ መንካት ወይም ለጥቂት አልፎት መሄድ አለበት። ዝቅ ብሎ የብሪጁን ግንባር ከመታ የአንገቱ ማዕዘን ልክ አይደለም። ይህን ትረስ ሮድ አያድነውም። አንገቱ ተነቅሎ እንደገና መገጠም ይኖርበታል። ጊታሩ ብዙ ዓመት ከኖረ ይጠበቃል። ስድስቱም ክር፣ 12-53 የሚባለው ውፍረት፣ ሲወጠር በድምሩ ከ70 ኪሎ በላይ ይስባል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ፊት ደግሞ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በጊዜ ብዛት መጉበጡ አይቀርም። አዲስ ጊታር ላይ ካየኸው ግን ሳታድር ለሰሪው ንገረው።

የፍሬቶቹን ጫፍ በመዳፍህ ዳብስ። ቢቧጥጥህ ወይ አልተሞረደም፣ ወይ የአንገቱ እንጨት ደርቆ ተኮማትሮ ብረቱን አስቀርቷል። ሁለተኛው ከሆነ ስለ ክፍልህ እርጥበት ነው የሚነግርህ እንጂ ስለ ሰሪው አይደለም። ብሪጁ ሥር ቀጭን ወረቀት ለማስገባት ሞክር፤ ከገባ መነሳት ጀምሯል።

የሙጫው ጠብታ? እንደ ጥፋት አትቁጠረው። ውበት ያጎድላል፣ ያው ነው። እኔ የምፈራው ሙጫ የሌለበትን ቦታ ነው። ፊቱንና ጀርባውን በጣትህ ጫፍ እየመታህ ዙር። አንድ ቦታ ላይ የሚንቀጫቀጭ ወይም የተሰነጠቀ ሸክላ የመሰለ ድምፅ ከሰማህ ብሬስ ለቋል ማለት ነው። እሱ ይጠገን።

ሶልዋን በተመለከተ፣ አንድ ፈተና አድርግና ውጤቱን ንገረኝ። ያችን ሶል አራተኛው ክር አምስተኛ ፍሬት ላይ አለች። አምስተኛው ክር አሥረኛ ፍሬት ላይ አለች። ስድስተኛው ክር አሥራ አምስተኛ ላይም አለች። ሁሉም ቦታ የምትሞት ከሆነ ነገሩ ከሳጥኑ ነው። ክፍት ክሩ ላይ ብቻ ከሆነ ነቱን እንጠረጥራለን።

ጋሼ_ቶሮንቶ

ልጆች፣ እንደምን አላችሁ። ማስመሪያና ወረቀቱ ጥሩ ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምር።

እኛ አገር ጊታር ሲባል ኤሌክትሪኩ ነው የሚታሰበው። በእኛ ጊዜ ጆሯችንን የሠሩት ባንዶቹ ናቸው። የአይቤክስና የሮሃው ሰላም ስዩም ሲጫወት ሰምቶ ጊታር ያላማረው ወጣት አልነበረም። የሳጥን ጊታር ግን ቤት ውስጥ መለማመጃ ነበር። ስለዚህ የሳጥን ጊታር ጥሩ ድምፅ ይህ ነው የሚል የጋራ ጆሮ አላዳበርንም። ፈረንጁ አባቱ ሲጫወት የሰማው ጊታር አለው፤ ከዚያ ጋር ያስተያያል። እኛስ? እኛ ክራር ነው ያለን። አስናቀች ወርቁን፣ ካሳ ተሰማን የሰማ ሰው ክር ሲነካ ምን መሰማት እንዳለበት ያውቃል።

ናቲ ለሰሪው የክራር ቅጂ መላኩ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። ስለዚህ ልጄ፣ ጊታርህን ከጓደኛህ ድሬድኖት ጋር ሳይሆን ከዚያ ከላክኸው ቅጂ ጋር አስተያየው። ሰውየው የተስማማው በዚያ ነው። ዳኝነቱም በዚያ ይሁን።

ደግሞ አዲስ ጊታር ወዲያው አይፈረድበትም። ስፕሩስ ሲመታ፣ ሲመታ ይፈታል። መጀመሪያ ላይ ጠባብና ድንዙዝ የነበረ ቆይቶ ሲከፈት ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ምን_ቸገረኝ

ጋሼ በአክብሮት ልከራከርዎት። ይሄ "ይፈታል" የሚባል ነገር የተፈታው ጊታሩ ነው ወይስ የባለቤቱ ጆሮ? ሰው የከፈለበትን ነገር እየለመደ ይወደዋል። ሰሪዎችም ይህን ቃል ይወዱታል፤ ደንበኛው ሲያማርር "ጠብቅ ይፈታል" ብሎ መመለሻ ነው።

ጋሼ_ቶሮንቶ

እሱም አለ፣ አልክድህም። ጊታሩም ጆሮውም አብረው ይለወጣሉ። ግን አዲስ የተጣበቀና አዲስ የተቀባ እንጨት ውጥረቱን እስኪለምድ እንደሚንቀሳቀስ ማንኛውንም አናጺ ጠይቅ።

እንጨትና_ኮላ

ጋሼ ልክ ናቸው፣ ምን_ቸገረኝም ልክ ነው 😄 ድምፁ በመጠኑ ይለወጣል፤ መጥፎ ጊታር ግን በመጫወት ጥሩ አይሆንም። እኔ የምለው፣ ትንሽ ጠበብ ያለ ድምፅ ከሆነ ጊዜ ስጠው። የአንገት ማዕዘን፣ የፍሬት አሰላለፍ፣ የለቀቀ ብሬስ ከሆነ ግን "ይፈታል" የሚል መልስ እንዳትቀበል።

የያሬድ_ተመራቂ

ስለ ትዝታዋ ሦስተኛ ድምፅ ማንም አልመለሰለትም፣ እኔ ልሞክር።

ናቲ፣ ጆሮህም ቲውነሩም አልተሳሳቱም። ጊታር አንዱን ኦክታቭ 12 እኩል ቦታ ይከፍላል። እያንዳንዱ ፍሬት 100 ሴንት (የድምፅ ርቀት መለኪያ) ነው። ስለዚህ ከዶ እስከ ሚ ያለው ርቀት ጊታር ላይ 400 ሴንት ይሆናል። ሁለት ድምፅ ሳይጋጭ ጥርት ብሎ እንዲገጥም በጆሮ ብቻ ብታስተካክለው ግን ሚ የምትቀመጠው 386 ሴንት አካባቢ ነው። የ14 ሴንት ልዩነት ትንሽ አይደለም። የጆሮ ሰው ይሰማዋል። ፒያኖም ላይ ያው ነው፤ ለምደነው ነው።

ክራር ደግሞ በጆሮ ነው የሚቃኘው። ተጫዋቹ ቁልፏን እያጠበቀና እያላላ እስክትጥመው ያደርሳታል። ፍሬት የሚባል አጥር የለበትም። አንተ በክራር ጆሮ አድገህ ፍሬት ያለው መሣሪያ ላይ ትዝታ ስትጫወት ሚ ከፍ ብላ ብትሰማህ አይገርምም። ይህ ሰሪውን አያስወቅሰውም። 200 ዶላር ጊታርም 20,000 ዶላር ጊታርም ላይ ያው ነው።

የሰሪው ጥፋት መሆን አለመሆኑን ለመለየት፣ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ሃርሞኒኩን (ክሩን ሳትጫን በጣት ነካ ብቻ አድርገህ የሚወጣውን ድምፅ) ምታ፣ ከዚያ እዚያው ፍሬት ላይ ክሩን ተጭነህ ምታ። ሁለቱ ቲውነሩ ላይ መግጠም አለባቸው። የሁለት ሦስት ሴንት ልዩነት ችግር የለውም። ከዚያ ካለፈ የሳድሉ (ብሪጁ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ዘንግ) ቦታ ይታይ። ክሩ አዲስ ይሁን እንጂ፣ ያረጀ ክር ይዋሻል።

ትዝታ ብቻ የምትጫወት ከሆነ አንድ ዘዴ አለ። ሚዋ የምትውልበትን ክር በጆሮህ ለጥቂት ዝቅ አድርገህ ቃኝ። ወደ አምባሰል ስትዞር ግን መልሰው፤ እዚያ ቅኝት ውስጥ ሌላ ድምፅ ትበላሽብሃለች።

የባቲ_ልጅ

ይሄን ነገር ሰው ቀደም ብሎ ቢነግረኝ ኖሮ ስንት ቲውነር አልቀየርኩም ነበር።

ናቲ_ቨርጂኒያ

እናንተ ሰዎች እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፈተናውን አደረግሁ።

ማስመሪያው ብሪጁን ለጥቂት አልፎት ይሄዳል። ክፍተቷም ወረቀት ታሳልፋለች። ሃርሞኒኩ በአምስቱ ክሮች ላይ ይገጥማል፣ ሁለተኛው ላይ ትንሽ ፈቀቅ ይላል። የሚንቀጫቀጭ ቦታ አላገኘሁም። ፍሬቶቹ ጫፍ ላይ ግን ይቧጥጡኛል፣ በተለይ ከአሥረኛው በላይ።

ሄለን እንዳለችው ጓደኛዬ እንዲጫወተው አድርጌ ሳሎኑ ጫፍ ቆምኩ። ገረመኝ። የእሱ ድሬድኖት አጠገቡ ስሆን ነበር የሚያጓራው። ከሩቅ ሲሆን ባሱ ይደበላለቅብኛል፣ የእኔ ግን ቀጭኗ ክር ሳይቀር ትደርሳለች።

ሶል ግን ሁሉም ቦታ ይሞታል። አራተኛው ክር ላይ፣ አምስተኛው ክር ላይ፣ የትም። ፋና ላ ጤነኛ ናቸው።

እንጨትና_ኮላ

በጣም ጥሩ። ማለቴ ለምርመራው ጥሩ 😄

ይህ ተኩላ ድምፅ የሚባለው ነው። ሳጥኑ ራሱ የሚወደው ድምፅ አለው። ፊቱን ብትመታው በአንድ ድምፅ ይመልስልሃል። የብዙ ሳጥን ጊታር ፊት ይህ ድምፁ በሴኮንድ ከ170 እስከ 220 ንዝረት ባለው ውስጥ ይወድቃል። የአንተ ሶል 196 ናት። የፊቱ ድምፅ ልክ በዚያች ላይ ከተቀመጠ፣ ክሩ ያለውን ጉልበት ፊቱ በአንድ ጉርሻ ይወስድበታል። ለዚህ ነው ጮክ ብሎ ጀምሮ ቶሎ የሚጠፋው። በሁለት ጎረቤት ፍሬቶች ድምፅ መካከል ቢወድቅ ኖሮ ማንም አያስተውለውም ነበር።

የሚገርመው ይህ በጥሩ ጊታር ላይ ነው በብዛት የሚታየው። የፋብሪካ ጊታር ዋስትና እንዳያስከፍል ወፈር ተደርጎ ይሠራል። ወፍራም ፊት ብዙም አይነዝርም፤ ተኩላውም አይነክስም። ቀጭንና ቀላል አድርጎ የሚሠራ ሰው ድምፅ ያገኛል፣ ተኩላም ያገኛል።

ምንም ሳትነካ ልትሞክረው ትችላለህ። ፖስተር ግድግዳ ላይ የምንለጥፍበት እንደ ሊጥ የሚለጠጥ ማጣበቂያ አለ አይደል? ከእሱ ጥቂት ግራም ከውስጥ በኩል ብሪጁ ሥር ለጥፍ። ክብደቱ የፊቱን ድምፅ ዝቅ ያደርገዋል። እየጨመርክ እየቀነስክ ሶልዋን አዳምጥ። አንድ ቦታ ላይ ትፈታለች። ከዚያ ለሰሪው "ይህን ያህል ክብደት እዚህ ሳደርግ ይስተካከላል" ብለህ ጻፍለት። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ከሆነ ወዲያው ይገባዋል። ወይ ብሬሱን በጥቂቱ ይልገዋል፣ ወይ ቋሚ ክብደት ያደርግበታል።

የፍሬት ጫፉ ግን ደረቅ ነህ እያለህ ነው። የእርጥበት መለኪያ አለህ?

ናቲ_ቨርጂኒያ

የለኝም። ቤቱ ማሞቂያ እየሠራ ነው፣ ክረምት ነው እዚህ።

እንጨትና_ኮላ

በል ዛሬውኑ ግዛ። ርካሽ ነው። የጊታር እንጨት የሚስማማው ከ45 እስከ 55 በመቶ እርጥበት ነው። ውጭ ሲበርድና ማሞቂያ ሲሠራ ቤት ውስጥ ከ30 በታች ይወርዳል። እንጨት ከነጠላው (ከእንጨቱ መስመር) አቅጣጫ ተሻግሮ ነው የሚኮማተረው፤ የፊቱ ሳንቃ ይጠባል፣ ይሰረጉዳል፣ ክሩ ወደ ፍሬቱ ይወርዳል፣ በመጨረሻ ይሰነጠቃል። በዚህ ሁኔታ ላይ ሆነህ ስለ ድምፁ መፍረድም አይገባም፤ የደረቀ ጊታር ድምፁ ቀጭንና ሻካራ ነው። ኬዙ ውስጥ አስቀምጥ። 49 በመቶ ላይ የሚጠብቁ የቦቬዳ ከረጢቶች አሉ፣ እነሱን አድርግበት። አንድ ሁለት ሳምንት አይተህ ፍሬቶቹን እንደገና ዳብስ።

ሳሚ_ዱባይ

ጥሩ ወሬ ላይ ደረስኩ። እኔ ዱባይ ነኝ። ውጭው እንፋሎት ነው፣ ቤት ውስጥ ግን ኤሲ ሌት ተቀን ይሠራል። መለኪያዬ በቀን ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል። ደግሞ ለገና ጊታሬን ይዤ አዲስ አበባ ልሄድ አስቤያለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

እንጨትና_ኮላ

ሳሚ፣ ከልክ ማለፉ ብቻ ሳይሆን መመላለሱም ይጎዳል። ግድግዳ ላይ አትስቀለው፣ ኬዝ ውስጥ ይኑር። አዲስ አበባ በገና በጋ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር የሚያልፍ ከተማ ነው፤ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ብርድ፣ አየሩ ደረቅ። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ተገላቢጦሽ፤ ፊቱ ያብጣል፣ ክሩ ከፍ ይላል። የሚመጡልኝ የተሰነጠቁ ጊታሮች ብዙዎቹ በበጋ ነው የሚመጡት። ስትደርስ ኬዙን ወዲያው አትክፈት። የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ከነኬዙ አቆየው።

ሄለን_ስቶክሆልም

በአውሮፕላን ከእጅ አይለይ። ከአሜሪካ ለሚበሩ አንድ የሚጠቅም ነገር አለ። በአሜሪካ ሕግ የዚያ አገር አየር መንገዶች ጊታርን የሚያክል መሣሪያ ከላይ ባለው ዕቃ ማስቀመጫ ቦታ ካለ በእጅ እንዲገባ መፍቀድ አለባቸው። ቀድሞ ለገባ ነው ቦታው፣ ስለዚህ ከፊት ተሰለፉ።

የእንጨቱም ነገር አለ። የብራዚል ሮዝውድ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በጥብቅ ከተከለከሉት ዕፅዋት መዝገብ ውስጥ ስላለ ያለ ወረቀት ድንበር አያልፍም። የህንድ ሮዝውድም እ.ኤ.አ. በ2017 ላላ ባለው የቁጥጥር መዝገብ ገብቶ ነበር፤ ለተሠራ የሙዚቃ መሣሪያ ግን በ2019 መጨረሻ ላይ ተነሳለት። ናቲ ደህና ነህ። ግን ሰሪህ የእንጨቶቹን ስም ጽፎ ፈርሞ እንዲሰጥህ አድርግ፤ ከጉምሩክም ከገዢም ጋር ይጠቅምሃል።

ምን_ቸገረኝ

ገዢ ስትይ አስታወስሽኝ። ናቲ፣ ይህን ጊታር ነገ ብትሸጠው ስንት የሚያወጣ ይመስልሃል? ስሙ ያልታወቀ ሰሪ ከሆነ ከከፈልከው በብዙ ነው የሚወርደው። ማርቲን የሚል የታዋቂ ፋብሪካ ስም የተጻፈበት ቢሆን ግን ገዢ አይጠፋም። ይህም መመዘኛ ነው።

ጋሼ_ቶሮንቶ

ለመሸጥ የሚገዛ ሰው በትዕዛዝ አያሠራም፣ ልጄ። እጁን አስለክቶ ያሰፋው ልብስ ለሌላ ሰው አይሆንም።

ምን_ቸገረኝ

እሺ ጋሼ፣ እዚህ ላይ እረታለሁ።

የባቲ_ልጅ

እንጨትና_ኮላ፣ ከርዕስ ልውጣና ልጠይቅህ። ክራሩ ከዋንዛ ይሠራል፣ ከበሮውም ከዋንዛ። ከዋንዛ ጊታር አይሠራም?

እንጨትና_ኮላ

ጎንና ጀርባው ይሠራል ባይ ነኝ። ዋንዛ ቀላል ነው፣ ለመላግ አያስቸግርም፣ ሲወለወል መልኩ ያምራል። የተሰበረ ጎን በዋንዛ ተክቼ አውቃለሁ፤ በሙቀት ሲታጠፍ ይታዘዛል። ችግሩ ፊቱ ነው። እንደ ስፕሩስ ቀላልም ጠንካራም የሆነ፣ ነጠላው ቀጥ ያለ እንጨት እኛ ጋ አላገኘሁም። ጥዱ ጉጥ ይበዛዋል፣ ይከብዳል። ፊቱን ከውጭ አምጥቶ ሌላውን ከዋንዛ ማድረግ ይቻላል። ግን ዋንዛን ከመንግሥት ደን መቁረጥ የተከለከለ ስለሆነ እኔ የማየው አሮጌ በርና አሮጌ ጠረጴዛ ነው። ስንት ዘመን የደረቀ እንጨት ነው፤ ከዚያ የተሻለ ምን ይገኛል? ቶሬስ በወረቀት ከሠራ እኛ በበር ብንሠራ ማን ይስቃል።

ሄለን_ስቶክሆልም

እኔ እስቃለሁ፣ ከዚያ አዝሃለሁ።

ናቲ_ቨርጂኒያ

ዜና አለኝ። መለኪያው ሲመጣ 27 በመቶ አሳየኝ! ጊታሩ ኬዝ ውስጥ ከከረጢቶቹ ጋር ከረመ። አሁን ፍሬቶቹ አይቧጥጡኝም። ድምፁም ለስለስ ብሏል፤ ምን_ቸገረኝ ጆሮህ ነው የሚለኝ ከሆነ ይበል።

ማጣበቂያውንም ሞከርኩ። እጄን በቀዳዳው አስገብቼ መለጠፉ ራሱ ጂምናስቲክ ነው። ግን ሶልዋ ተፈታች። እንደ ጎረቤቶቿ ትቆያለች። ማጣበቂያውን ሳነሳው ተመልሳ ትሞታለች።

ለሰሪው ይህንኑ ጻፍኩለት። የሙጫዋን ፎቶ አልላክሁም፣ ትቅር። በማግሥቱ መለሰልኝ። ምንም ሳይከራከር "ቀላል አድርጌ የሠራሁት ለምትፈልገው ድምፅ ብዬ ነው፤ የምትወድ ከሆነ ላከው፣ በነፃ አስተካክላለሁ፤ ብሬሱን ስልግ ግን ድምፁም ትንሽ ይለወጣል፣ አስብበት" አለኝ። የሁለተኛውን ክር ሳድልም በዚያው አየዋለሁ ብሏል።

ልላከው ወይስ በማጣበቂያው ልቀጥል?

እንጨትና_ኮላ

ብሬስ አንዴ ከተላገ አይመለስም፤ ማጣበቂያው ይመለሳል። የቀረውን ድምፅ ከወደድከው አሁን ብሬሱን አታስነካው። ቢያንስ ሞቃቱ ወቅት ገብቶ እርጥበቱ ሲለወጥ ሶልዋ የት እንደምትሄድ እይ። እንጨቱ ሲያብጥ ተኩላው ፈቀቅ ሊል ይችላል። ሰሪው ቃሉን በጽሑፍ እንዲያቆይልህ ብቻ ጠይቀው። የሳድሉን ነገር እዚያው አቅራቢያህ ያለ ጠጋኝ ይሠራዋል፤ ለእሱ ብሎ ጊታር በፖስታ መላክ አያስፈልግም።

ጋሼ_ቶሮንቶ

ጎበዝ። እኔም ይህንኑ ነበር የምለው።

የያሬድ_ተመራቂ

ለማዘዝ ለምታስቡ ሌሎች፦ ናቲ የተረፈው የሚጫወተውን ነገር ለሰሪው በድምፅ ስላስረዳ ነው። "ሞቅ ያለ ድምፅ" "ብሩህ ድምፅ" የሚሉት ቃላት ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ነው። ቅጂ ላኩ። የምትወዱትን ጊታር የአንገት ውፍረትና የነት ስፋት ለክታችሁ ላኩ። ቀብድ ስንት እንደሆነ፣ ካልወደዳችሁት በስንት ቀን መመለስ እንደምትችሉ፣ ዋስትናው ምን እንደሚሸፍን ቀብዱን ሳትከፍሉ በጽሑፍ ያዙ።

ናቲ_ቨርጂኒያ

እሺ፣ አይሄድም። ማጣበቂያው እዚያው ይቆይ። ፎቶዎቹን ማታ እለጥፋለሁ፣ የባቲ ልጅ ይፍረድ።

የባቲ_ልጅ

አንድ የትዝታ ቅጂም ጨምርበት። ምን ክር ነው ያደረግህበት?

ናቲ_ቨርጂኒያ

12-53 ፎስፈር ብሮንዝ። ሰሪው 11ም (ቀጠን ያለውን) ሞክር ብሎኛል።

እንጨትና_ኮላ

11 ካደረግህ ስበቱ ስለሚቀንስ አንገቱ ቀና ይላል፤ ክሩ መንጫረር ከጀመረ ትረስ ሮዱን ለጥቂት አላላው። ሶልዋንም እንደ አዲስ ፈትሻት፣ የማጣበቂያው መጠን ሊለወጥ ይችላል።